ሁለት ስም የተጠራባት ዶሮ

ጥቅምት 7 ቀን 2003፣ እሑድ ማታ

ዛሬ ሰንበት ትምህርት ቤት ዐሥርቱን ትእዛዛት ማስተማር ጀመርኩ። ጀመርኩ ልበል እንጂ ገና ከመነሻው ተሰናከልኩ። ከእኔ በቀር ሌላ አምላክ አይሁንልህ የሚለውን እየተከተሉኝ እንዲሉ አስቀጸልኳቸው፤ በደንብ አሉት። ቀናተኛ አምላክ ነኝ የሚለው ላይ ስንደርስ ከኋላ አግዳሚ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ ሌላ አምላክ ከሌለ በማን ነው የሚቀናው?»

ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። «ሰዎች ጣዖት ሲያመልኩ ነዋ» አልኳት። «ጣዖት እንጨት ነው ብለሽን አልነበር? በእንጨት ይቀናል?» አለች። ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን ብዬ መዝሙር አስጀመርኩ። እየዘመርኩም ጥያቄዋ ጆሮዬ ላይ ነበር። ይቅር ይበለኝና፣ እኔም በልጅነቴ ይሄንኑ አስቤ ለማንም አልተናገርኩም። እሷ ቢያንስ ጠየቀች።

ጌዲዮን ከሚሌ ደወለ። ጭነቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሊወርድ ነው። መንገድ ላይ የሚኖር ባል ያላት ሴት ስልክ ሲጮኽ ደስ ሊላት ይገባል። እኔን ደህና ነሽ ወይ ካለ በኋላ እንደ ሁልጊዜው «ትርሲትን ስጪኝ» አለ። ትርሲት አምስት ዓመቷ ነው፤ ማን ማን እንደመጣ ለአባቷ መናገር ሥራዋ አድርጋዋለች። «የወተት ሴትዮዋ መጣች። ረቢአ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ወንድ አልመጣም።» የመጨረሻዋን ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ሩቅ ያለ ሰው ስለ ቤቱ ቢጠይቅ ምን ይገርማል።

እናቱን፣ እማማ ወለተገብርኤልን፣ ከሰዓት ጀምሮ ብርድ ብርድ እያላቸው ነው። ሁለት ጋቢ ደረብኩላቸው።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ወባ። ከጨፋ ረግረግ በኩል የሚመጣው ትንኝ ዘንድሮ ብሷል። መድኃኒት ተሰጣቸው። ምንም አይቀምሱም። ትምህርት ቤት አርፍጄ ገባሁ፤ ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ እንጂ አልተናገረኝም።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

የንስሐ አባታችን ቀሲስ ፈቃደ እማማን ሊጠይቁ መጡ። ጸሎት አድርሰው ሲወጡ የልጅቷን ጥያቄ የራሴ እንዳልሆነ አድርጌ ጠየቅኳቸው። በእርግጥም የራሴ አይደለም።

«የሱ ቅናት እንደ ሰው ቅናት አይደለም» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «እንዲገባቸው ከፈለግሽ ግን በባል መስለሽ ንገሪያቸው። ባል የሚቀናው ሚስቱን ስለሚወድ ነው። የማይቀና ባል ምን ባል ነው?» አሉና ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ። መስቀል ተሳልሜ ሸኘኋቸው።

እንደ ሰው አይደለም ካሉኝ በኋላ ለምን በሰው መሰሉልኝ? ይሄን ፊት ለፊት ብጠይቃቸው ጥሩ ነበር። ሁልጊዜ ጥያቄው የሚመጣልኝ ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው። ቅናት አጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ነገር ነው፤ ይሄዱብኛል፣ ይወስዱብኛል የሚል ሰው። ሰማይና ምድርን ያበጀ ምን ይወሰድበታል? ወይ ፍርሃቱ አለበት፣ ወይ ደግሞ የጻፉት ሰዎች በቤታቸው የሚያውቁትን አባወራ ሰማይ ላይ ሰቅለውታል። ይሄን ጻፍኩ እንግዲህ። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት።

እማማ የሚቀምሱት ውኃ ብቻ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «የዶሮ ሾርባ ስጫቸው፣ በመድኃኒት ብቻ ሰው አይነሳም» ብላኛለች።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ ማታ

ምን እንዳደረግኩ ልጻፍ።

ቀይዋን ዶሮ ያዝኩ። ጌዲዮን በሌለ ጊዜ ዶሮ የሚባርክልን፣ በጎረቤታችን በጋሽ ሙህዲን የእንጨት ሥራ ቤት የሚሠራው ክርስቲያን ሰውዬ ነው። ማሽላ አጨዳ ብሎ ወርዷል። የቤተክርስቲያኑ ዘበኛ ለቅሶ ሄዷል። ዶሮዋን ታቅፌ የግቢው በር ላይ ቆሜ፣ ማተብ ያለው አንገት አያለሁ ብዬ አላፊ አግዳሚውን ስመለከት ራሴን ታዘብኩት። ሁለት እጅ አለኝ፣ ቢላ አለኝ፣ ወጥ ቤት አለኝ። ሴት ግን አታርድም፤ ካረደችውም አይበላም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እናቴም አላረደች፣ እናቷም። ቤት ውስጥ ደግሞ እማማ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

የጋሽ ሙህዲን ሚስት ረቢአ በአጥሩ በኩል አየችኝ። «አካም ኦልተ፣ ሰገነት? እንዴት ዋልሽ? ምን ሆነሽ ነው ዶሮ ታቅፈሽ የቆምሽው?» ነገርኳት። «አብሽሪ» ብላ ባሏን ጠራች።

ጋሽ ሙህዲን መጡና ከበሩ ውጭ ቆሙ። «እህቴ፣ እኔ ካረድኳት እናንተ አትበሏትም እኮ» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«እትዬ ወለተገብርኤል ጾመኛ ናቸው። ኋላ እንዳይቀየሙሽ። ጌዲዮንም . . .» አልጨረሱትም።

«ዶሮዋን ይረዱልኝ» አልኳቸው። «ይግቡ።»

ገቡ። የራሴን ቢላ አስመጥተው አጠቡት። ፊቷን ወደ ቂብላ አዞሩና ጮክ ብለው «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አሉ። ያን ጊዜ አፌ በራሱ በስመ አብ ወወልድ ሲል ሰማሁት፤ በሹክሹክታ። ዶሮዋ እንግዲህ ሁለት ስም ተጠርቶባት ሄደች። ማን እንደተቀበላት እሷ ትወቅ። እንደ ቀልድ ጻፍኩት እንጂ ቀልድ አይደለም። ማተብ ያሰረ ሰው የእስላም ሥጋ በላ ማለት ከሃይማኖቱ ወጣ ማለት ነው፤ በዚህ አገር ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ሠርግ ሲሆን ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት ነው። እማማ ትኩሳት ላይ ናቸው፤ ሳያውቁ ነው የሚበሉት። ኃጢአቱ በኔ አንገት ነው።

ትርሲት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም አየች። ጋሽ ሙህዲን ሲገቡም፣ ሲወጡም።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ትናንት ጾም ስለሆነ አጥሚት ነው የሰጠኋቸው። ዛሬ ጠዋት እማማ ራሳቸው «ያ ሾርባ አለቀ?» አሉኝ። ሙሉ ሳህን ጠጡ። ቀና ብለው ተቀመጡ። ረቢአ በአጥሩ አሻግራ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ስልኩ ጮኸ፣ ደስታው ጠፋ። ትርሲትን ከመስጠቴ በፊት ጆሮዋ ስር «የዶሮዋን ነገር አታውሪ» አልኳት። «ለምን?» አለች። «አባባ ስለ አያትሽ ያስባል።» ልጅቷ አየችኝ። ከዚያ «ማንም አልመጣም» አለችው። ገና በአምስት ዓመቷ፣ መጀመሪያ ጸሎት አስተማርኳት፣ አሁን ደግሞ ይሄን።

ጌዲዮን ስለ ሥጋው አይደለም የሚጠይቀው። ስለ ሥጋው ቢሆን ቀላል ነበር፤ ቀኖና ተቀብዬ እጾም ነበር። የሚጠይቀው ወንድ ግቢ መግባቱን ነው። በመስከረም መጨረሻ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ውኃ ጠይቆኝ ሰጠሁት። በዚያ ሳምንት ነው በሩ ክንዴን የመታኝ። እስካሁን በዚህ ሙቀት እጅጌ ረዥም ነው የምለብሰው፤ ተማሪዎቼ «መምህርት ይበርድሻል እንዴ?» ይሉኛል።

ጥቅምት 21፣ እሑድ

ዛሬ ያንኑ ክፍል ቀጠልኩ፤ የአባቶችን ኃጢአት በልጆች ላይ እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ የሚለውን። ቀጭኗ ልጅ እጇን አላወጣችም። ብታወጣ ይሻለኝ ነበር። አባት ጥፋተኛ፣ ተመቺ ልጅ። ይሄን አንድ ዳኛ ቢፈርድ እንሰድበው ነበር።

ከሰዓት እማማን በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። ክፍሉን አነበብኩላቸው። «የጌዲዮን አባት ከቤት ሲወጣ ደጃፉ ላይ አመድ ይበትን ነበር» አሉኝ። «ዱካዬን ሊያይ። ሲመለስ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ እኔ ውስጥ ሆኜ እሱ ጎንበስ ብሎ እስኪነሳ ትንፋሼን እይዝ ነበር።»

«ጌዲዮን ያውቃል?» አልኩ።

«አመዱን ከምድጃ አፍሶ የሚያቀብለው እሱ ነበር። የትርሲትን ያህል ነበረ።»

ትርሲት እዚያው አጠገባችን ድንጋይ ታስቀምጣለች፣ ታነሳለች። ተነስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ የምሠራው ነገር ግን አልነበረም።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ረቢአ ወንፊቱን መለሰች። ልብስ ሳጥብ እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር፤ በሩ መታኝ ያልኳት ቢጫው ምልክት ገና አልጠፋም። አየችው።

«ይሄ በራችሁ መች ነው የሚሠራው?» አለችኝ። «ቤቴ አናጢ አለ እኮ። ሙህዲን መጥቶ ይየው፤ ሂሳብም አይጠይቅሽ።»

«አይ፣ ጌዲዮን ራሱ ያየዋል» አልኩ።

«ኢንሻአላህ» አለች። አሁንም ያንኑ ቃና እሰማዋለሁ። ስትሄድ በሩን ከፍታ ዘጋችው፤ እንደገና ከፍታ ዘጋችው። ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው።

ኅዳር 2፣ ሐሙስ

እማማ በከዘራ እስከ መንገዱ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ የፈራሁትን ተናገሩ፤ ለኅዳር ሚካኤል ሊቆርቡ ነው። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ያሰቡት ነው፤ ቀሲስ ፈቃደ ፈቅደውላቸዋል። «ከዚያ አልጋ ላይ ያነሳኝን ላመስግን» አሉ።

ካልነገርኳቸው የእስላም ሥጋ በልተው ሥጋ ወደሙ ሊቀበሉ ነው። ብነግራቸው ደግሞ ለቀሲስ ይናገራሉ፣ ቀሲስ ለጌዲዮን። ጌዲዮንም ለበዓሉ ይመጣል። ሁለት ቀናተኛ መሀል ገባሁ። አንዱን አንድ ጊዜ አይቼው አላውቅም፤ የምፈራው ግን የማየውን ነው። ይሄ ራሱ ኃጢአት ሳይሆን አይቀርም። እግዚአብሔርን ከሰው አሳንሼ መፍራቴ።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 3

አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ፣ የአረፋ ለት

ከሌሊት ጀምሮ ተክቢራው ከተማውን ሞላው። ባጃጁ ሁሉ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቶ ወደ መስገጃው ወረደ። ረቢአ ለኛ ሥጋ ያልነካው ዳቦና ማር ላከችልን፤ በየዓመቱ እንደዚያ ናት፤ ለኛ የሚሆነውን ለይታ ታውቃለች። ከሰዓት እንኳን አደረሳችሁ ልል ሄድኩ። በአጥሩ በኩል ሳይሆን በዋናው በር ነው የሄድኩት፤ እማማንም ትርሲትንም ይዤ።

ወጥ ቤት ብቻችንን ስንሆን «ያቺ ዶሮ አላስተኛ አለችኝ» አልኳት።

«አላህ ሆድሽን አያውቅም?» አለች። «የዛሬው በግ ሥጋውም ደሙም እሱ ዘንድ አይደርስም ይሉናል። የሚደርሰው ልብ ነው።»

«የኛ ግን ቀናተኛ ነኝ ብሏል።»

ሳቀች። «የኛም ቢሆን ከጎኑ ሌላ ሲቆምበት አይወድም። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ? የሚያስፈራሩኝ ሰዎች ሁሉ እሱ እንዲህ ብሏል እያሉ ነው የሚመጡት። እሱ ራሱ መጥቶ አስፈራርቶኝ አያውቅም።» ከዚያ ድስቱን ከፈተችና «ወላሂ ጨው ረሳሁ» ብላ ተነሳች።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ነገ ይገባል። ግቢውን ጠረግኩ። ላባ ፈለግኩ፤ ከአጥሩ ሥር ሁለት ቀይ ላባ አገኘሁና ቀበርኩ። እንደ ሌባ። ትርሲትን «ስለ ዶሮዋ ቢጠይቅሽ?» አልኳት። «ቀበሮ በላት» አለች። እኔ አላልኳትም፤ ከራሷ ነው ያመጣችው። ደነገጥኩ፣ ደግሞም ቀለል አለኝ። በመቅለሉ አፈርኩ።

ኅዳር 10

ገባ። ስኳርና ሳሙና አምጥቷል። ደህና ነው። ሲገባ በሩን በእጁ ገፋ አድርጎ አየው።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ሻይ ቤት ሄዷል። ሳይመለስ ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ምሳ ላይ ነበርን። «ቀይዋ ዶሮ የት ሄደች?» አለ። «እማማ ሲታመሙ ሾርባ ሆነች» አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። «ማን ባረካት?» አለ።

 የአናጢውን ሠራተኛ ስም ልጠራ ነበር፤ ግን መንገድ ላይ አግኝቶት ማሽላ አጨዳ እንደሰነበተ ነግሮት ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ጌዲዮን እንደዚያ ነው፤ መልሱን ይዞ ነው የሚጠይቀው። እጁ እንጀራው ላይ ቆመ። ዞር ብሎ «ትርሲት» አለ። ልጄ እኔን አየች። አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ ያረድኳት» አሉ እማማ።

«ማን?»

«እኔ። ሞት አፋፍ ላይ ነበርኩ፣ ራበኝ። ሚስትህ ትምህርት ቤት ነበረች። ቢላ አንስቼ አረድኳት።»

«ሴት ልጅ ታርዳለች? በሽተኛ ሆነሽ ዶሮ ይዘሽ?»

«አረድኩ አልኩህ እኮ።»

«እሱንም በልተሽ ነው ነገ የምትቆርቢው?»

«አልቆርብም» አሉና ጉርሻቸውን አጠቀሱ።

ጌዲዮን ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም። እናቱን ብዙ አየ፣ እኔን አየ፣ ተነስቶ ወጣ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። መጣ መሰለኝ

ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

ጌዲዮን ከወንዶቹ ጋር ቤተክርስቲያን ገባ። እማማ ለቁርባን ያስቀመጡትን አዲስ ቀሚስ ለበሱ፤ ግን ወደ ውስጥ አልገቡም። ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር፣ እኛ የማንቆርበው በምንቆምበት ቆሙ። እኔ ልጄን ይዤ አጠገባቸው። ከውስጥ የቅዳሴው ድምፅ ይመጣል። የቆራቢዎቹ ሰልፍ ሲጀመር ዐይናቸው ተከተለ። ያን ጊዜ አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጋሽ ሙህዲን ማረዳቸውን፣ ሳያውቁ ማብላቴን፣ በዚያ ላይ ዝም ማለቴን።

«ሰምቻለሁ እኮ» አሉኝ። «መስኮቱ ክፍት ነበር። ሙህዲን ጮክ ብሎ፣ አንቺ በሹክሹክታ።»

«ሰምተው ነው የጠጡት?»

«ሰምቼ ነው። አጥንቱንም ነው የጋጥኩት። ተኝቼ ከፈጣሪዬ ጋር ተነጋገርን፤ በዚህ የምታኮርፍ ከሆነ ንገረኝና ልተወው አልኩት። ምንም አላለኝም። ዛሬ ልቆርብ ነበር፣ ልቤ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ይግቡ። ለቀሲስ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን ከገባሁ ልጄ መዋሸቴን ያውቃል። መዋሸቴን ካወቀ ማን እንዳረደ ይጠይቃል።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እንደዚያን ጊዜ በማንም ላይ ተናድጄ አላውቅም፣ በራሴ ላይም። ያቺን ለዓመታት የጠበቋትን ጠዋት የወሰደባቸው ሰማይ ላይ ያለው አይደለም። ይሄን እያወቅኩ በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ማን ቅናት ነው የማስተምረው?

«እግዚአብሔር አይቆጣዎትም?» አልኩ። 

«ይቆጣ። እሱ ቢቆጣ ውጭ ያቆመኛል፤ ውጭ ደግሞ ጥላ አለ።» ክንዴን በእጅጌው ላይ ያዙኝ፤ ልክ ምልክቱ በነበረበት። አጥብቀው አልያዙኝም። «ይሄንን ግን እሱ አያደርገውም።»

በሩ ነው አላልኩም። የመጀመሪያዬ ነው።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ ማታ

ጌዲዮን ትናንት ጠዋት ወደ ሚሌ ወረደ። ሳይናገረኝ ነው የሄደው። እንደዚያ ዝም ሲል የሚመለስበትን ቀን እየቆጠርኩ እፈራለሁ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ሙህዲን በራችን ላይ ተንበርክከው ማጠፊያውን ያያሉ። ረቢአ አጠገባቸው ቆማለች። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ሥራ ተቆጣጣሪ ያዩዋቸዋል። «ማን ጠራዎት?» አልኳቸው። «እኔ» አሉ እማማ። ጋሽ ሙህዲን እጃቸውን አራግፈው ተነሱ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬቱ እያዩ «ምንም የለውም፣ እህቴ» አሉኝ።

እማማ ፍራሻቸውን ከጓዳ አስወጥተው የኔና የጌዲዮን ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋው ግርጌ አስነጠፉ። እስከ መቼ ነው አልኩ። ትራሳቸውን አስተካከሉ።

ከራት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ትርሲት እንደልማዷ ሮጠች። እማማ ቀድመው አነሱት።

«እኔ ነኝ» አሉት። «የለም፣ ልጅቷን አልሰጥህም። ከዛሬ ጀምሮ ማን መጣ የምትለውን እኔን ጠይቀኝ።»

ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሳቸው ግን እስኪጨርስ ጠበቁት።

«መጥቷል እንጂ። ሙህዲን መጣ። እኔ ጠርቼው ነው። በሩን ከላይ እስከ ታች አየው» አሉት። ትንሽ ቆዩ። «ጌዲዮን፣ በሩ ደህና ነው።»

ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። በዚያ ወገን ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። እኔም ጆሮዬ ላይ ያዝኩት፤ ትርሲት ቀሚሴን ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች።